ያለ ቀዩ ገመድ የተነሳችው ሞተር

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ እንዳታነበው። አውቅሃለሁ፤ ወረቀት እጅህ ሲገባ እዚያው በር ላይ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እንደ ሞተር ካንዴላ እያገላበጥክ ነው የምታየው። ቁጭ በል። ሚስትህም አጠገብህ ትኑር፣ እሷም መስማት ያለባት ነገር አለ። ጽሕፈቴን ዶሮ የጫረው ይመስላል እያልክ ስትስቅብኝ ስለኖርክ ዛሬም ታገሰኝ።

ሰላምታ አላበዛም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልጻፈች እህት ድንገት ተነስታ «እንደምን ከርመሃል» ብትል ለሰሚም ያስቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከወር በፊት ሚስትህን በስልክ አገኘኋት። እንዳትቆጣት፤ በሰው በሰው ቁጥሯን አፈላልጌ የደወልኩት እኔ ነኝ። ስለ ሥራህ ጠየቅኳት። «መጋዘን ይጠብቃል» አለችኝ። «እሱ? ዘበኛ? ሞተር አይነካም እንዴ?» አልኳት። እንደምንም ብዬ ነገሩን ከአፏ አወጣሁ። የመጋዘኑ ጄኔሬተር ተበላሽቶ አለቃህ «ሜካኒክ ነበርክ አሉ፣ እስቲ እየው» ቢልህ፣ እጅህን ከኋላህ ደብቀህ «የኔ እጅ ሰው ገድሏል፣ ሌላ ጥራ» አልክ አለችኝ።

ስልኩን ሳልሰናበታት ዘጋሁት። ይቅርታ በልልኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ሰው አልገደለም። ባሌን፣ ካፒቴንን፣ የገደለው የኔ ጥፋት ነው። ይህን አንድ ነገር ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት፤ የቀረው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያውን ግን ከኔ ነው መስማት ያለብህ፣ ምክንያቱም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከኔ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ካፒቴን የሞተ ቀን ጠዋት የጀልባችንን ሞተር በጋሪ አምጥተህ ግቢያችን ግድግዳ ላይ በቸነከርከው ወፍራም ጣውላ ላይ ሰቀልካት። ለአንተ ማስረዳቴ ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ቢሆንም ያን ግቢ እንደነበረ ልጽፈው ፈልጌያለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ቦታ የለምና። ግማሹን በርሜል ውሃ ሞልተን እግሯን እንነክራለን። ውሃው ከፕሮፔለሯ በላይ ስንዝር ካላለፈ አንተ የማስነሻውን ገመድ አታስነካንም። «ጉሮሮዋ ደርቆ ልታዘፍኗት ነው?» ትለናለህ። ካፒቴን የነዳጅ ጎማዋ ላይ ያለችውን ኳስ እስክትጠጥር ይጨምቃል፣ አንተ ትስባለህ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ከጎኗ የምትወጣውን ቀጭን ውሃ እጠብቃለሁ። ያቺ ውሃ ካልመጣች ሞተሯ ውስጥ ውስጡን እየነደደች ነው። ስትመጣ እጄን ከስሯ ዘርግቼ «ሸናች!» ብዬ እጮሃለሁ። አማቴ ከቤት ሆና «ምን ዓይነት አፍ ነው!» ትላለች። ካፒቴን ደግሞ ኮስተር ብሎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ወንድ ነው ሴት?» ይለኛል። በሞከርናት ቁጥር ይችኑ ቀልድ፤ እኛም በተናገራት ቁጥር እንስቃለን።

ካፒቴን ያልከውም አንተ ነህ። አምስት ሜትር ለማትሞላ ጀልባ ካፒቴን! ከሠርጋችን ማግስት ጀምረህ ጠራኸው፣ ከዚያ ተሳፋሪው ጠራው፣ በኋላ የገዛ እናቱም ጠራችው። የባሌን ስም የማየው መታወቂያው ላይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ወደ ቀዩ ገመድ ልምጣ። ሚስትህ ስለማታውቀው ልንገራት። የሞተሯ ማጥፊያ ቁልፍ ስር የምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ሹካ አለች፤ ሹካዋ ከቀይ ገመድ ጫፍ ላይ ታስራለች፣ የገመዱ ሌላ ጫፍ ነጂው እጅ ላይ ይታሰራል። ሹካዋ ካልገባች ሞተሯ አትነሳም። ሰውየው ከጀልባ ከወደቀ ገመዱ ሹካዋን መንጭቆ ያወጣታል፣ ሞተሯም ወዲያው ቀጥ ትላለች፤ ጀልባዋ ባለቤቷን ጥላ እንዳትሄድ ነው። ካፒቴን ያንን ገመድ ይጠላው ነበር። «እንደ ፍየል ታስሬ አልሄድም» ይል ነበር። የሚያስረው ሌላ መላ ስላልነበረው ብቻ ነው፤ ያለ ሹካዋ እሺ አትለውማ፣ ካስገባት ደግሞ ያልታሰረው ገመድ እጁ ላይ እየተጠላለፈ ያስቸግረዋል። የድሮው ቁልፍ ላልቶ ሞተሯ ያለ ሹካም መነሳት ስትጀምር እሱ ጮቤ ረገጠ፣ አንተ ግን «ይህ ሰውዬ ራሱን ይገላል» ብለህ አዲስ ቁልፍ ከየትም ፈልገህ ቀየርክላት። አስታውስ፣ ቁልፉን የቀየርከው እሱን ለማትረፍ ነበር። አንድም ሰው ይህን አንስቶልህ አያውቅም፤ እኔም አላነሳሁልህም።

ያን ጠዋት ይህንኑ አዲስ ቁልፍ ገጥመህ ጨርሰህ ልንሞክራት ስንል ስልክህ ጮኸ። የሌላ ሰው ጀልባ ተሳፋሪ እንደያዘች ውሃ መሐል ቆማለች፣ ድረስልን አሉህ። የመፍቻ ቦርሳህን ይዘህ እየሮጥክ «እታለም፣ እስክመለስ እንዳትነኳት፣ ከሰዓት አብረን እንሞክራታለን» አልከኝ። «እሺ» አልኩህ። የኔን እሺ ደግሞ ታውቀዋለህ።

ካፒቴን መቆም መቀመጥ አቃተው። ከማዶ ስምንት ሰው ቃል አስገብቶታል፣ ከሰዓት ንፋሱ ይነሳል። እኔም ባለሙያ ነኝ ባይዋ «አንተ ምሳህን ብላ፣ እኔ እሞክራታለሁ፤ ወንድሜ የሚሠራውን ሁሉ ስንት ዓመት ቆሜ አይቻለሁ» አልኩት። በርሜሉን ሞላሁ፣ ኳሷን ጨመቅኩ። ሹካዋን ብፈልግ የለችም። ቀዩ ገመድ ወደቡ ላይ፣ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ካለችው ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። ወደቡ ሄዶ መመለስ አንድ ሰዓት ነው። እንግዲህ ብልኋ እህትህ ምን አደረገች መሰለህ? የጥቁሯን የዘይት ጄሪካን ክዳን በወጥ ቤት ቢላ ቆርጬ ሹካ ቀረጽኩ። ልክክ አለች። ኮርቼባት ነበር እኮ! አንተ ስትመጣ ላሳይህ፣ «እቺን ተመልከት፣ ከፋብሪካ የወጣች አትመስልም?» ልልህ አስቤ ነበር።

በሦስተኛው ስቤ አስነሳኋት። ሸናች። ወደፊት ማርሽ አስገባሁ፣ ወደኋላ አስገባሁ፣ ሁሉም ሠራ። ከዚያ ቁልፉን በጣቴ ተጭኜ አጠፋኋት። ቁልፉን ከተጫኑት ሹካዋን ሳያወጡም ሞተሯ ትጠፋለች። እዚያ ላይ ነው ነገሩ ያለቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያዘናጋኝ ነገር ስፈልግ ኖርኩ፤ ሰው ጠርቶኝ ነበር? ወጥ ሊያርርብኝ ነበር? ምንም አልነበረም። ሹካዬን እዚያው ረሳኋት፣ በቃ። ካፒቴን ሞተሯን ተሸክሞ ጋሪው ላይ ጫናት። «ቀዩን ገመድ እሰር!» አልኩት ከበር። «እሺ እመቤቴ» አለኝ፣ እየሳቀ። የሱም እሺ እንደኔው ነበር። ወደቡ ደርሶ ቢስባት ያለ ገመድ ተነሳች። ምን ብሎ ያስራል?

የቀረውን ታውቀዋለህ። ካፒቴን ወድቆ ጀልባዋ ብቻዋን ስትሄድ ያዩ ሰዎች ጮኹ። ከማዶ ቄጠማ ውስጥ አፍንጫዋን ተክላ፣ ሞተሯ እየሠራች፣ ጭቃ እያማሰለች ተገኘች። አንተና ወጣቶቹ ውሃው ላይ እሱን ስትፈልጉ ሁለት ሰዎች ሞተሯን ነቅለው ቤት አመጡልኝ። ሲወጡ ቀረብኩና አየኋት። ቁራጯ እንዳስገባኋት ከቁልፉ ስር ተቀምጣለች። ጥቁር በጥቁር ስለሆነች ማንም ልብ አላላትም።

እዚህ ላይ ብትረግመኝ አልፈርድብህም። ካፒቴን ያኔ ገና አልተገኘም ነበር። ሰዉ ሁሉ «ዋናተኛ ነው፣ አንድ ቦታ ወጥቶ ይሆናል» ይል ነበር። ባሌ ውሃ ውስጥ እያለ እኔ ጥፋቴን መደበቅ ጀመርኩ። ቁራጯን አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ጣልኳት። አማቴ ከውስጥ «ምን ይሸታል?» አለች። «ፌስታል ነው» አልኳት። ጥቂት ቆይተህ አንተ እርጥብ ልብስህን ሳትቀይር ሮጠህ ገባህ፣ በቀጥታ ወደ ሞተሯ ሄድክ። «እንዳትነካት!» ብዬ የጮህኩብህ ለዚያ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ሹካ ሊያስነሷት ቢሞክሩ ቁልፉ ደህና መሆኑ ይታወቃላ! አንተ ግን ያበድኩ መስሎህ እጅህን ሰበሰብክ።

በማግስቱ አገኙት። በለቅሶው ላይ የጀልባ ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበር ቀዩን ገመድ ይዞ መጣ፤ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ የተገኘ፣ ደረቅ። «ገመዱ እዚህ ከሆነ ሞተሯ እንዴት ተነሳች?» አለ። ሁሉም ወዳንተ ዞረ። የተናገርከው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «አዲሱን ቁልፍ በትክክል ሳልገጥመው ቀርቼ ይሆናል። ሳልሞክራት ሄድኩ» አልክ። አላወላወልክም። አማቴ «ያ እጅህ ዳግመኛ ሥራ አይያዝ!» ብላ ረገመችህ። እኔ፣ እናታችን ሥራ ስትውል አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ፣ ተነስቼ «የእናቴ ልጅ ነው ባሌን የበላብኝ፣ ከቤቴ ይውጣ» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ማኅበሩ «ሞተራችንን እንዳይነካ» ብሎ ወሰነብህ፣ ጋራዥህን ዘጋህ፣ በወሩ ከተማውን ለቅቀህ ሄድክ። ልሸኝህ አልወጣሁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ እያወቅኩ የተናገርኩት ነው።

ለምን ካልከኝ፣ ፈሪ ስለሆንኩ። የባሌን ዘመዶች ፈራሁ፣ አማቴን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ራሴን ፈራሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ እያደረ ብሶበት ደፈረሰ።

ከሚስትህ ጋር ካወራሁ በኋላ ግን መብላትም መቀመጥም እምቢ አለኝ። ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሆንኩ። መጀመሪያ ለአማቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እስክጨርስ ቀና ብላ አላየችኝም። በመጨረሻ «ያን ቀን የሸተተኝ እሱ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ትሪውን አስቀመጠች። ከዚያ «እኔ ያንን ልጅ ረግሜዋለሁ እኮ። የረገምኩትን ማን ይመልስልኛል?» ብላ አለቀሰች። ልጇ ሲሞት እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። ቀጥላ «ሂጂና ለማኅበሩም ንገሪ» አለችኝ።

ሄድኩ። ማኅበሩ ቅዳሜ ስብሰባ ነበረው። ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ምን እንደሚሉኝ ስንት ጊዜ አስቤ ነበር መሰለህ፤ ይጮሁብኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር። አላመኑኝም! ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ እያዘነልኝ አየኝና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ እህቴ። ወንድምሽ ናፍቆሻል፣ አልፈርድብሽም» አለኝ። «ውሸቴን አይደለም!» ብል «ቁራጯስ የት አለች?» አለኝ። «አቃጠልኳት።» ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። አየህ? ስዋሽ ከተማው ሁሉ አመነኝ፣ እውነቱን ስናገር ለወንድሟ የምታደላ ሆንኩ።

እኔም የማን እህት ነኝ፣ ግትር አልኩ። «ሞተሯ አለች፣ ቁልፉም ወንድሜ የገጠመላት ነው፣ ማንም አልነካውም። ሐሙስ ኑና እዩ» አልኳቸው። ሦስት ዓመት የቆመች ሞተር ምን እንደምትመስል አንተ ታውቃለህ። ካርቡሬተሯን ፈትቼ አጠብኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የማርሽ ዘይቷን አፈሰስኩ፤ ወተት መስሎ ወጣ፣ ውሃ ገብቶበታል። አንተ እንደምታደርገው እያንዳንዷን ብሎን በተራ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። አንዲት ተርፋኝ ግማሽ ቀን ቦታዋን ስፈልግ ዋልኩ። ብታየኝ ኖሮ በሳቅ ትሞት ነበር።

ሐሙስ ሊቀመንበሩ ከሁለት ሰው ጋር መጣ። መጀመሪያ ያለ ሹካ ሳብኩ። አሥር ጊዜ ሳብኩ፤ ትከሻዬ ተገነጠለ፣ እሷ እቴ፣ ወይ ፍንክች። ከዚያ ቀዩን ገመድ ከነሹካው አስገባሁ። ተነሳች። ገመዱን መነጨቅኩት። ቀጥ አለች። ቀና ብዬ አየኋቸው። ሊቀመንበሩ አገጩን አሻሸና «በርሜል ውስጥ ሁሉም ሞተር ጨዋ ነው። ማዕበሉ ሲያንገጫግጫት ነው የሚታየው» አለ። ይህን አነጋገር ከማን እንደተማረ ታውቃለህ፤ ያንተኑ ቃል ነው ያነሳብህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን «እሺ፣ ውሃው ላይ እንሂድ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃው አጠገብ ደርሼ አላውቅም ነበር። ጀልባዋን ሲገፏት እኔ ሞተሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ «እኔ ልንዳ» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ገመዱን ግራ እጄ ላይ አሰርኩ፣ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ ሄድን። ንፋስ ነበር፣ ከጎን እየመታን እንዘላለን። መሐል ስንደርስ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሊቀመንበሩ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ «በይ እንግዲህ» አለኝ። እጄን ሳብኩ።

ወዲያው ጠፋች። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንተፋተፈችም። ጀልባዋ ትንሽ ተንሸራተተች፣ ከዚያ ቆመች። የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ሊቀመንበሩ በትከሻዬ አሻግሮ ገመዱን የመነጨቅኩበትን ቦታ አየ፤ አረፋው ገና አልጠፋም ነበር። «አሥራ አምስት ሜትር አይሞላም» አለ፣ ለራሱ ነው የተናገረው። ከዚያ የተናገረው ነገር ምን እንደሆነ ገባው መሰለኝ፣ አፉን በእጁ ያዘ።

አሥራ አምስት ሜትር፣ ወንድሜ። ካፒቴን ሲዋኝ አብረኸው አድገሃል፤ ያንን እየሳቀ ይደርስበት ነበር። ጠርዟን ይዞ ወጥቶ፣ እርጥብ ልብሱን እየጠመዘዘ፣ ቤት መጥቶ «ያቺ የወንድምሽ ገመድ ዛሬ አተረፈችኝ» ይለን ነበር። አንተን ይሰድብህ ነበር እንጂ አያመሰግንህም፣ ታውቀዋለህ። ግን ይመጣ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋቱ የኔ መሆኑን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከልቤ ጓዳ «ምናልባት ቁልፉም ደህና አልነበረም ይሆናል» የምትል ሐሳብ ደብቄ ኖሬያለሁ። እሷን ይዤ ነው ስተኛ የከረምኩት። አንተን ነፃ ላወጣ ሄጄ እሷን ውሃው ላይ ጥያት ተመለስኩ። አልጸጸትም። ብቻ አሁን ምንም የምይዘው የለኝም።

ሊቀመንበሩ ወደቡ ላይ ሰዎቹን ሰብስቦ ያየውን ተናገረ። ውሳኔውን አንስተዋል፤ ወረቀቱን ማኅተም አድርገውበት ለብቻው ይልኩልሃል። «ይምጣ፣ ሞተሮቻችን ሁሉ ሳል ይዟቸዋል በይው» ብለውሃል። አማቴ ደግሞ ይህን በቃሌ ጻፊልኝ ብላኛለች፦ «የረገምኩህን አንስቻለሁ። ከአፏ ካልሰማሁት ካልክ አሮጊት ነኝ ሳልል እኔው እመጣለሁ።» ከኔ ጋር ግን አብራ አትበላም። ቤቱን አልለቀቀችም፤ ምግብ ሲቀርብ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልክ ናት።

ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም። ብለምንህ አንተ ሆደ ባሻው እሺ ትለኛለህ፣ ያንን እሺ ደግሞ አልፈልገውም። የምለምንህ ጄኔሬተሩን ሄደህ እንድትሠራው ነው። ዛሬውኑ፣ ይህን ደብዳቤ አጥፈህ ስትነሳ።

ወደዚህ ለመምጣት ከወሰንክ ቀኑን ለሊቀመንበሩ ንገረው እንጂ ለኔ አትንገረኝ። ወደ ጋራዥህ የሚኬደው በኛ ቤት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያ እንዳያስቀርህ። እሱ ቀኑን ሹክ ይለኛል፣ እኔም በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። በመስኮትም አላይም። አንተ ዝም ብለህ እለፍ።

እህትህ ነኝ፤ አሁንም እንደዚያ መባል ከተፈቀደልኝ።